ስለ ፕላዝማ መቁረጫው፦ ከማሽኑ በፊት አየሩን አስብ

ሰላም ወንድሜ። በርና መስኮት ትሰራለህ፣ የመኪና ካሶኒም ትጠግናለህ፤ ግራይንደሩ ስላሰለቸህ ባለ 40 አምፔር የአየር ፕላዝማ መቁረጫ (በኤሌክትሪክና በተጨመቀ አየር ብረት የሚቆርጥ ማሽን) ልትገዛ ነው። «ኖዝሉ ቶሎ ያልቃል የሚሉት እውነት ነው? ያለኝ ባለ 50 ሊትር ኮምፕሬሰርስ ይበቃል?» ብለሃል። ሁለቱም የሚያርፉት አየሩ ላይ ነው።

ኖዝል (ቀዳዳ ያለው የቶርቹ ጫፍ) እና ከውስጡ ያለው ኤሌክትሮድ አላቂ ዕቃ ናቸው፤ ያለ ጊዜያቸው የሚጨርሳቸው ግን እርጥበት ነው። የኤሌክትሮዱን ጫፍ ልብ ብለህ እየው። መዳቡ መሀል የተተከለች ትንሽ ግራጫ ነጥብ አለች፤ ሃፍኒየም ትባላለች፣ አርኩ፣ ማለትም ብረቱን የሚያቀልጠው የኤሌክትሪክ ነበልባል፣ የሚነሳው ከእሷ ነው። እየሰራች ትጎደጉዳለች። የጉድጓዱ ጥልቀት 1.5 ሚሊሜትር ገደማ ሲደርስ ኤሌክትሮዱን ቀይረው፤ ከዚያ ካለፈ አርኩ መዳቡን ይበላል፣ ኖዝሉንም ይዞት ይሄዳል። ውሃ ያዘለ አየር ከገባ ደግሞ እዚያ ለመድረስ ብዙም አይቆይም። የኖዝሉ ቀዳዳ ክብነቱን ያጣል፣ ቁርጡም ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። በክረምት «ማሽኑ ተበላሸ» ተብሎ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምከፍተው የውሃ ማጣሪያውን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሞልቶ አገኘዋለሁ።

ብዙ ሰው ማጣሪያውን ኮምፕሬሰሩ አፍ ላይ ይገጥመዋል። እዚያ አየሩ ገና ትኩስ ስለሆነ ውሃው እንፋሎት ሆኖ ያልፋል። አየሩ መንገድ ላይ እንዲቀዘቅዝ ረዘም ያለ የብረት ቧንቧ አስኪድለትና ማጣሪያውን ማሽኑ አጠገብ ግጠም። የታንኩን ውሃ በየቀኑ ከስር አፍስስ።

50 ሊትር ያልከው የታንኩ መጠን ነው፤ ወሳኙ በደቂቃ የሚሰጠው አየር ነው። እንዲህ ያለ ቶርች (በእጅ ይዘህ የምትቆርጥበት) በ4.5 እና 5 ባር መካከል በደቂቃ ከ100 ሊትር በላይ ይፈልጋል። አዲስ አበባ ከሆንክ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብለሃል፤ አየሩ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ስስ ነው። በዚያ ላይ ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ኮምፕሬሰሩ የሚስበው እንጂ የሚሰጠው አይደለም። ስለዚህ በደቂቃ ከ200 ሊትር በታች የተጻፈበትን አልመክርህም።

መብራቱንም አትርሳ። ማሽኑ በ220 ቮልት እስከ 30 አምፔር ሊስብ ይችላል፣ ኮምፕሬሰሩ ሌላ ነው። ተራ ሶኬት አይችለውም፤ ከማከፋፈያው ለብቻው ወፍራም መስመር አስወጣለት።

መግዛቱንስ ግዛው። ኦክሲጅንና አሲታይሊን የማይቆርጡትን ስቴንለስና አልሙኒየም ይቆርጥልሃል፣ ስስ ላሜራም እንደ ጋዙ አያጣምምብህም። ካርቶኑ ላይ «12 ሚሊሜትር» ቢልም ንጹህ ቁርጥ የምታገኘው እስከ 8 ወይም 10 ነው። ፓይለት አርክ (ቶርቹ ብረቱን ሳይነካ የሚነሳ መነሻ አርክ) ያለውን ምረጥ፤ ዝገትና ቀለም ላይ ሳያስቸግርህ ይነሳል። ስትቆርጥ ብልጭታው ወደ ታች ይውጣ፤ ወደ ላይ ከተመለሰብህ ፈጥነሃል። ስትጨርስም አየሩ ቶርቹን አቀዝቅዞ ራሱ እስኪቆም ማሽኑን አታጥፋ።

ኖዝል ስትቀይር ግን ሁሌም ከመብራት ንቀለው፤ ቶርቹ ላይ የሚደርሰው ከ200 ቮልት በላይ ነው። ነዳጅ የነበረበት ታንከር ወይም በርሜል ከመጣልህ ታጥቦና ጋዙ ወጥቶ ካልተረጋገጠ አትንካው።

የኮምፕሬሰሩን ሰሌዳ ፎቶ አንሳና እዚሁ ስር ለጥፈው፤ ይበቃ እንደሆነ አይቼ እነግርሃለሁ።