በስኬት ወድቄ የእጅ አንጓዬን ያመኛል፤ ወለምታ ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ19 ዓመት ልጅ ነኝ፤ የምኖረው ሐዋሳ ነው። በረዶ ላይ የሚሠራውን ፊገር ስኬቲንግ በስልኬ እያየሁ፣ ጎማዎቹ በአንድ መስመር በተደረደሩበት ስኬት ጠዋት ጠዋት አስፋልት ላይ እለማመዳለሁ። ከ12 ቀን በፊት ዘልዬ ስዞር በቀኝ እጄ ተመርኩዤ ወደቅሁ። ወጌሻ «ወለምታ ነው» ብሎ አሸኝ። እብጠቱ ጠፍቷል፤ ግን የሃይላንድ ክዳን ስከፍት አውራ ጣቴ ሥር ይወጋኛል። ልምምዱን ልቀጥል?

መልስ፦ ለጊዜው ስኬቱን አስቀምጪው። መጀመሪያ አንድ ነገር ሞክሪ። «ጎበዝ» እንደምንለው የቀኝ አውራ ጣትሽን ቀጥ አድርገሽ ወደ ላይ ዘርጊ። ከሥሩ፣ በሁለት ጅማቶች መሃል ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ ታያለሽ። እዚያ ላይ በሌላው እጅሽ ጫን በዪ። ካመመሽ ወለምታ ነው ብለን አንተወውም።

ስካፎይድ የምትባል ትንሽ አጥንት ያለችው እዚያ ነው። ተንኮለኛ ናት። ብትሰበርም እጅ ላይጣመም ይችላል፣ እብጠቱም ቶሎ ይጠፋል፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስብራቱ ራጅ ላይ እንኳ ላይታይ ይችላል። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ራጅ ደህና ቢመስልም ከ10 እስከ 14 ቀን በኋላ ደግመን የምናነሳው። አንቺ አሁን እዚያው ቀን ላይ ነሽ፤ ዛሬ ነገ ሳትዪ ሐኪም ቤት ሂጂ። «እጄን አመመኝ» ብቻ አትበዪ፤ ቦታውን በጣትሽ አሳዪያቸው። ይህቺ አጥንት ደሟን በብዛት የምታገኘው በጣቶቹ በኩል ካለው ጫፏ ነው። መሃሏ ላይ ከተሰበረች ወደ ክንድ ያለው ግማሽ ደም ሊያጣና ሳይገጥም ሊቀር ይችላል። በጊዜ ከተደረሰባት ግን ብዙውን ጊዜ ጄሶ ይበቃታል፤ ከ6 እስከ 12 ሳምንት።

መታሸቱ ይቅር። ወጌሻውን ልወቅስ አይደለም፤ እኔም ብሆን ያለ ራጅ በዳሰሳ ብቻ እርግጠኛ አልሆንም።

ስለ ስኬቱ ደግሞ፦ ሐዋሳ ላይ በረዶ ከየት ይምጣ? የበረዶ ሜዳ ያላቸው አገሮች ስኬተሮችም ከሜዳው ውጪ በጎማ ይለማመዳሉ። ግን በረዶ ላይ የወደቀ ሰው ተንሸራትቶ ይሄዳል። አስፋልት ይይዝሻል፤ እጅሽ ባለበት ይቀራል፣ ሰውነትሽ ይቀጥላል። የስኬትሽንም ጫፍ እዪው። ለፊገር የተሠራው ማቆሚያው ከፊት ነው፣ የመሃል ጎማዎቹም ትንሽ ዝቅ ስለሚሉ መዞር ይቀላል። ተራው ስኬት ግን ብዙውን ጊዜ ፍሬኑ ተረከዝ ጋ ነው። ከዝላይ የሚታረፈው ወደ ኋላ እየሄዱ ስለሆነ፣ ያ ፍሬን መሬት ከነካ ይጥልሻል።

ባለፈው እሁድ ፍቅር ሐይቅ ዳር ሁለት ልጆች ጉልበታቸው ላይ የስፖንጅ ቁራጭ በፕላስተር አስረው ሲንሸራተቱ አየሁ። ጉልበታቸው ደህና፣ እጃቸው ባዶ! በጎማ ስኬት በብዛት የሚጎዳው አንጓ ነው። ሐኪምሽ ሲፈቅድልሽ መዳፍ ላይ ጠንካራ ፕላስቲክ ያለው የአንጓ መከላከያና ሄልሜት ሳታደርጊ አትውጪ። ዝላዩን መጀመሪያ በስፖርት ጫማ ሣር ላይ ሥሪው። ኮብልስቶን ላይ ጭራሽ አይሞከርም፤ ባጃጅ የሚመላለስበትንም ተዪው።

ጣቶችሽ ከደነዘዙ ወይም አንጓሽ እንደገና ካበጠ ግን ያኔውኑ ሂጂ። እስከዚያው ሃይላንዱን ሌላ ሰው ይክፈትልሽ።