ዋይፋዩ የድንጋዩን ግንብ አልሻገር ሲል

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደብረ ማርቆስ፣ የቆየ የድንጋይ ቤት ውስጥ ነው። ግንቡ 60 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የፋይበሩ ራውተር ሳሎን፣ ቡፌው ላይ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተቀምጧል። ሳሎን ውስጥ ፈጣን ነው፤ መኝታ ቤት ስገባ ይሞታል፣ ጓሮ ያለው ሰርቪስ ጭራሽ አይደርስም። ሪፒተር ገዝቼ መኝታ ቤት ብሰካም ስልኬ ሙሉ እያሳየ ቪዲዮ አይከፍትም። የኢንተርኔት ፓኬጁን ከፍ ላድርገው?»

አያድርጉ። ሳሎን ላይ ደህና ከሠራ ከውጭ የሚገባው መስመር ጤነኛ ነው፤ ትልቅ ፓኬጅም ያንኑ ግንብ መሻገር አይችልም። ሪፒተሩም ደህና ነው፤ ጥፋቱ የተሰካበት ቦታ ነው። ስልክዎ «ሙሉ» የሚለው በስልኩና በሪፒተሩ መካከል ያለውን ነው። ሪፒተሩ ከግንቡ ማዶ በደንብ ያልሰማውን ወሬ ጮክ ብሎ የሚደግም ሰው ሆኗል። ባለ አንድ ባንድ (በአንድ ሞገድ ብቻ የሚሠራ) ከሆነ ደግሞ በአንዱ ቻናል እየተቀበለ በዚያው ስለሚልክ ፍጥነቱን በግማሽ ገደማ ይበላዋል።

ሌላ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ይለኩ። አንድሮይድ ስልክ ካለዎት ዋይፋይ አናላይዘር የሚባል መተግበሪያ ይጫኑና የዲቢኤሙን (dBm፣ የሞገዱን ጥንካሬ) ቁጥር ያንብቡ፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ጠንካራ ነው። -50 በጣም ጥሩ ነው፤ እስከ -67 የቪዲዮ ጥሪ ያስኬዳል፤ -75 ላይ ይቆራረጣል፤ ከ-80 ከወረደ እንደሌለ ይቁጠሩት። 3 ዲቢ በወረደ ቁጥር ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። መኝታ ቤቱን በሩን ከፍተውም ዘግተውም ይለኩት። በሩ ላሜራ ከሆነ ግንቡ በከንቱ እየተወቀሰ፣ ጥፋተኛው በሩ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያውጡት። ከወለል 1.5 ሜትር ያህል ከፍ አድርገው፣ ወደ መኝታ ቤቱ በር ፊት ለፊት እንዲያይ ያስቀምጡት። አቅጣጫው ዋጋ አለው፤ 60 ሳንቲ ሜትር ግንብ በ45 ዲግሪ አግድም ሲያልፉት 85 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ለመኝታ ቤቱ 2.4 ጊጋኸርዝ የሚለውን የዋይፋይ ሞገድ ይጠቀሙ፤ 5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ቢሆንም ግንብ ላይ ቶሎ ይደክማል። ራውተሩን ሲያነሡ ቀጭኗን የፋይበር ገመድ ይጠንቀቁ፤ ጥቅሏ ከ6 ሳንቲ ሜትር ስፋት አይጥበብ። ራውተሩ ላይ ኤልኦኤስ (LOS) የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ ገመዷ ተጎድታለች ወይም ከሶኬቷ ወጥታለች። ማስረዘም ካስፈለገ ለቴሌ ባለሙያ ይተዉት።

ጭቃ ቤት ውስጥ ያላችሁ አንባቢዎችም ከዚህ አታመልጡም። ውኃ የዋይፋይ ሞገድ ስለሚመጥ፣ ክረምት ላይ ግድግዳው ሲርስ በበጋ ይደርስ የነበረው ሊቀር ይችላል።

ይህ ሁሉ ጥቂት ያሻሽላል። ዘላቂው መፍትሔ ግን ግንቡን በሞገድ መግፋት ትቶ በኬብል መሻገርና ማዶ ሁለተኛ ራውተር መትከል ነው። የሚያስፈልገው 20 ሜትር ካት 6 የኔትወርክ ኬብል፣ ጫፉ ላይ የሚገባ 4 አርጄ 45 ራስ (ሁለቱ መጠባበቂያ)፣ ራሱን የሚመታ ጉጠት (ክሪምፐር)፣ ባለ 16 ሚሊ ሜትር ቱቦ እና አንድ ራውተር ነው፤ አሮጌም ቢሆን ይሠራል። ኬብል ሲገዙ የአንዱን ሽቦ ጫፍ በምላጭ ይፋቁት፤ ውስጡ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ራስ ሲመታበት ይሰበራል። አይግዙት።

ግንብ ለመብሳት አይቸኩሉ። በኮርኒስ ላይ ማሳለፍ ከተቻለ ከሁሉ ይቀላል፤ አይጥ እንዳይበላው ግን ቱቦ ውስጥ ይሁን። መብሳት ግድ ከሆነ ድንጋዩን ሳይሆን መጋጠሚያውን ይምረጡ፣ በጭቃ የተገነባ ከሆነም ድሪሉን ያለ መዶሻ ያሠሩት፤ ልቅ ድንጋይ ይነቃነቃልና። ፑንታው 18 ሚሊ ሜትር፣ ከግንቡም የሚረዝም ይሁን። በአጭር ፑንታ ከሁለት በኩል የበሳ ሰው ቀዳዳዎቹ አይገናኙለትም። ወደ ውጭ የሚወጣ ቀዳዳ ከሆነ ዝናብ እንዳይገባ ወደ ውጭ ያዘንብሉት።

የኬብሉን ራስ ሲመቱ የሽቦው ተራ በሁለቱም ጫፍ አንድ ይሁን፦ ነጭ-ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ።

ሁለተኛው ራውተር ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አክሰስ ፖይንት (ከኬብል ተቀብሎ ዋይፋይ ብቻ ማሠራጨት) የሚል ምርጫ ካለው እሱን ያብሩ፤ ሥራው አለቀ። ከሌለው የዋናው አድራሻ 192.168.1.1 ከሆነ የዚህን 192.168.1.2 ያድርጉት፣ ዲኤችሲፒውን (DHCP፣ ለየስልኩ የአድራሻ ቁጥር የሚያድለውን) ያጥፉ፣ ኬብሉንም ዋን (WAN) የሚለው ቀዳዳ ላይ ሳይሆን ላን (LAN) የሚለው ላይ ይሰኩ። የዋናው ዲኤችሲፒም ከ192.168.1.10 ጀምሮ እንዲያድል ያድርጉ። ዲኤችሲፒውን ማጥፋት ከተረሳ ሁለቱም ቁጥር ያድላሉ፤ ስልክዎ አንድ ጊዜ ይሠራል፣ ሌላ ጊዜ «ኢንተርኔት የለም» ይላል። ስሙና የይለፍ ቃሉ ከዋናው ጋር አንድ ይሁን፤ ቻናሉ ግን ይለያይ፣ አንዱ 1 ሌላው 11።

እስከዚያው ሪፒተሩን ከመኝታ ቤቱ አውጥተው ከ-60 እስከ -65 በሚያሳይበት፣ በሩ አጠገብ ሳሎን በኩል ይሰኩት።

ወደ ሰርቪሱ ግን የመዳብ ኬብል በአየር አይዘርጉ። የጎጃም ክረምት መብረቁ ብዙ ነው፤ ሩቅ ቢወድቅ እንኳ በኬብሉ ገብቶ ሁለቱንም ራውተር ሊያቃጥል ይችላል። በሁለት ሚዲያ ኮንቨርተር (የኬብሉን ምልክት ወደ ብርሃን፣ ብርሃኑንም መልሶ የሚቀይር ዕቃ) መካከል ፋይበር ይሳቡ፤ ብርጭቆ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ የብረት መወጠሪያ ሽቦ የሌለውን ዓይነት ግን ይጠይቁ። ይህ ከበዛብዎት ሁለተኛውን ራውተር ወደ ጓሮ በሚያየው መስኮት ያኑሩት። የሰርቪሱ ግድግዳ ቆርቆሮ ከሆነ በሩ ክፍት ካልሆነ ውስጡ አይገባም።

እንጀራ ሲጋገር ብቻ ዋይፋዩ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ግንቡ የለበትም። ምጣዱ ከፍተኛ ኃይል ሲስብ ቮልቴጁ ወርዶ ራውተሩ ጠፍቶ ይበራል፤ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ይበቃዋል።