«ስናዞረው ደም ግፊቱ ይወርዳል»

ጥያቄው የመጣው እዚሁ ባሕር ዳር፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ከምትሠራ ነርስ ነው። ባጭሩ እንዲህ ትላለች፦ «ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ላይ ያለ፣ ደም ግፊትን ከፍ የሚያደርገውን ኖርአድሬናሊን የሚወስድ ታካሚ አለን። በጎኑ ስናዞረው ደም ግፊቱ ይወርዳል። ስለዚህ ቻርቱ ላይ ‹አይዞርም› ተባለ። የአየር ፍራሽ የለንም። አሁን ከወገቡ በታች ያለው ቆዳ መጥቆር ጀምሯል። ምን ላድርግ?»

ሲስተር፣ የሚያሰጋን የአልጋ ቁስል ነው፤ ሳይዞሩ ብዙ ሲተኙ በጫና የሚመጣው የቆዳና የሥጋ ጉዳት። እኔ የማልስማማው «አይዞርም» በሚለው ነው። አንዴ ከተጻፈ ከሽፍት ወደ ሽፍት እየተላለፈ ይቀጥላል። ታካሚው በማግስቱ ተሽሎት የመድኃኒቱ መጠን ቢቀንስም ጽሑፉ ንቅንቅ አይልም። አንድ የማይረሳ ነገር ደግሞ አለ። ኖርአድሬናሊን የደም ሥሮችን ያጠባል፤ ወደ ቆዳ የሚሄደው ደም ይቀንሳል። ስለዚህ ለማዞር የምንፈራው ታካሚ ቆዳው ቀድሞ የሚጎዳው ራሱ ነው።

ረጅም ሰዓት በጀርባው የተኛን ሰው በአንዴ ገልበጥ ሲያደርጉት ግፊቱ ቢዋዥቅ አይገርምም። ሞኒተሩ ሲጮህ ደንግጠን ወዲያው እንመልሰዋለን፤ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያ የሚያክመውን ሐኪም አማክሪ፤ ያልተረጋጋ የአከርካሪ ጉዳት ካለ ነገሩ ሌላ ነው። ከዚያ አክታውን በመምጠጫ መሣሪያው ምጠጡለት፤ አንድ ሰው የመተንፈሻ ቱቦውን ይያዝ። መጀመሪያ 10 ወይም 15 ዲግሪ ያህል ብቻ አዘንብሉት፣ ቆም ብላችሁም ሞኒተሩን እዩ። ግፊቱ ሐኪሙ ካስቀመጠው ወሰን በታች እስካልሄደ ድረስ 10 ደቂቃ ያህል ታገሱት። ብዙ ጊዜ ራሱ ይስተካከላል። ካልተስተካከለ፣ ወይም ኦክስጅኑ ከወረደ መልሱትና በሚቀጥለው ሽፍት እንደገና ሞክሩ።

ዒላማችሁ 30 ዲግሪ ነው። ሙሉ በሙሉ በጎኑ አታስተኙት፤ ያን ጊዜ ክብደቱ ሁሉ የዳሌ አጥንቱ ላይ ያርፋል። ማዘንበያ ትራስ ከሌለ የአስታማሚው ጋቢ አለላችሁ። ታጥቦ የደረቀውን ጠበቅ አድርገሽ አጥፊው፣ በንጹሕ አንሶላ ሸፍኚው፣ ከትከሻው እስከ ዳሌው ድረስ ከጀርባው አስገቢ። አሁን መዳፍሽን ከወገቡ በታች፣ ጠፍጣፋው አጥንት ስር ስደጂ። እጅሽ ሳይጨናነቅ ካለፈ ቦታው ከጫና ነጻ ወጥቷል። ከተጨናነቀ ጋቢው ይጨመር ወይም ይስተካከል። ያቺ የእጅ ሙከራ ሳትደረግ «ዞሯል» ብሎ መጻፍ አያስተማምንም። በየ2 ሰዓቱ የሚለው የቆየ ልማድ የአየር ፍራሽ ለሌለው ክፍል ጥሩ መነሻ ነው። ቆዳው ቶሎ የሚቀየር ከሆነ ግን ሰዓቱን አሳጥሩት።

በእውነት መዘንበል የማይችል ታካሚ ሲያጋጥም ጭንቅላቱን ወደ ቀኝና ወደ ግራ መቀያየር፣ እጅና እግሩን ማንቀሳቀስ፣ አንዱን ዳሌ በታጠፈ ፎጣ ትንሽ ከፍ ማድረግ፣ ቆይቶ ሌላውን። ይህ መዞርን አይተካም፤ ግን ብዙ ያተርፋል።

ተረከዝ ቀላል ነው። ትራሱን ከባቱ ስር በቁመት አስገቢ፣ ጉልበቱ ትንሽ ይታጠፍ፣ ተረከዙ ምንም አይንካ። ውኃ የተሞላ ጓንት ተረከዝ ስር ማስቀመጥ አሁንም አለ፤ እባካችሁ ይቅር። ጫናውን አያነሳም። ቀለበት የሚመስለው መቀመጫም እንደዚያው፤ ዙሪያውን ጨቁኖ ደም ይከለክላል።

ቬንቲሌተር ላይ ያለ ሰው ሳንባው እንዳይመረዝ ራስጌው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ ይላል። ይህ ደግሞ ወደ ታች ያንሸራትተዋል። ቆዳው አንሶላው ላይ ተጣብቆ ሲቀር አጥንቱ ይንሸራተታል፤ በመካከል ያለው ሥጋ ይቀደዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ጉልበቱ ይታጠፍ፣ ከዚያ ራስጌው ይነሳ። ወደ ላይ ሲመለስም ብብቱን ይዞ መጎተት የለም። ሁለት ሆናችሁ በአንሶላ አንሱት።

የመማሪያ መጽሐፉ «መቅላትን ፈልጉ» ይላል። በእኛ ሰው ቆዳ ላይ መቅላት ብዙ ጊዜ አይታይም። በቂ መብራት አብሪ፣ ከዚያ ቆዳውን በእጅሽ ጀርባ ዳስሺው። ከአጠገቡ ካለው ቆዳ ይልቅ ሞቋል ወይስ ቀዝቅዟል? ጠጥሯል ወይስ ልምሽሽ ብሏል? ቀለሙ ወደ ወይን ጠጅ ሄዷል? እነዚህ ከመቅላቱ ቀድመው ይናገራሉ። ቱቦ የሚነካውንም ቦታ ሁሉ እዪ፦ የአፍንጫ ጠርዝ፣ ከንፈር፣ ከጆሮ ጀርባ ያለውን የኦክስጅን ገመድ፣ የሽንት ቱቦው ጭኑ ላይ የሚያርፍበትን።

የሚያዝያና የግንቦት ሙቀታችንን ታውቂዋለሽ። ማኪንቶሽ (ውኃ የማያሳልፍ የአልጋ ጎማ) ላይ የተኛ ሰው በላብ ይርሳል፤ የራሰ ቆዳ ደግሞ በቀላሉ ይላጣል። ማኪንቶሹ የግድ ካልሆነ ይነሳ፤ ካስፈለገ አንድ ያልተጨማደደ አንሶላ ይበቃዋል። ዳይፐሩ እንደቆሸሸ ይቀየር፣ ቆዳው ይታጠብና በመከላከያ ቅባት ይሸፈን።

አስታማሚዎችን አትርሺ። ከዘጌ ወይም ከደቅ በጀልባ መጥተው ኮሪደር ላይ የሚያድሩ ቤተሰቦች መርዳት ይፈልጋሉ፤ የሚያውቁት ደግሞ ማሸት ነው። የጠቆረውን ቦታ ማሸት የተጎዳውን ሥጋ ይብስ ያደቀዋል። በእርጋታ አስረጃቸው፤ በምትኩ እጅና እግሩን እንዲያንቀሳቅሱ አሳዪያቸው። ምግብም አለ። በቱቦ የሚሰጥ ቀጭን አጥሚት ብቻውን አይበቃም። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን ከ72 እስከ 90 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ነው ያለው። ወተትና እንቁላል በምን መጠን እንደሚጨመር፣ ኩላሊቱም እንዴት እንደሆነ ከሐኪሙና ከሥነ ምግብ ባለሙያው ጋር ተነጋገሪ።

አሁን ወደ ጠቆረው ቦታ። ቆዳው ባይከፈትም ከስር ያለው ሥጋ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፤ በቀናት ውስጥም ሊከፈት ይችላል። ዛሬውኑ ለሐኪሙ አሳዪው። ስፋቱን በሴንቲ ሜትር ለክተሽ ጻፊ። ከአሁን በኋላ በዚያ ቦታ ላይ አይተኛ፤ ቀኝ 30፣ ግራ 30 እያለ ይቀያየር። ባለ ብዙ ድርብ የሲሊኮን ፎም (ስፖንጅ መሳይ) ማሸጊያ ከተገኘ ይለጠፍበት፤ በየሽፍቱ ግን ጠርዙን ገለጥ አድርጋችሁ እዩት። ርክክብ ላይ ደግሞ ተረካቢዋ በወሬ ሳይሆን አልጋው አጠገብ ቆማ፣ ቦታውን በዓይኗ አይታ፣ በእጇ ዳስሳ ትረከበው።