ስለ ክራይሚያ-ኮንጎ ትኩሳት ጠይቁኝ፤ መዥገር ግን በጣት አትጨፍልቁ

የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ውሎዬ ከመዥገር ጋር ነው። ከመዥገርና ከእንስሳ ደም ወደ ሰው ስለሚተላለፈው የቫይረስ በሽታ፣ ስለ ክራይሚያ-ኮንጎ ደም አፍሳሽ ትኩሳት፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁ።

ዶክተር፣ ከብቶቹ ካልታመሙ እኔ ምን ያሰጋኛል?
ጉዱ እኮ እዚህ ላይ ነው! ላም፣ በግ፣ ፍየል ቫይረሱ ገብቶባቸው ምንም እንዳልተፈጠረ ይግጣሉ። ደማቸው ውስጥ ግን አንድ ሳምንት ያህል ይቆያል። በዚያ ሳምንት ስታርድ ደሙ እጅህ ላይ ያለች ጭረት ካገኘ አለቀ። ዋናዋ አስተላላፊ ሃያሎማ የምትባለው መዥገር ናት። እግሯ ላይ ነጫጭ ቀለበት የደረደሩባት ትመስላለች። ብዙዎቹ መዥገሮች ሣር ላይ ወጥተው አላፊ አግዳሚውን ይጠብቃሉ፤ ይቺ ግን ካየችህ ከመሬት ተነስታ ትሮጥብሃለች። በጣት አትጨፍልቋት፤ በወረንጦ ከቆዳው ጠጋ አድርጋችሁ ያዙና ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ።

ጋዝ ባፈስባትስ?
አይሆንም። ወረንጦ አልኩ።

ስሙ ከየት መጣ?
በ1944 ክራይሚያ ወታደሮችን አመመ፤ በ1956 ኮንጎ ውስጥ ከታማሚ ተገኘ። አንድ መሆናቸው የታወቀው በ1969 ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

ምልክቱስ?
ድንገተኛ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የጀርባ ሕመም፣ ማስመለስ፣ ብርሃን መጥላት። መጀመሪያ ላይ ከወባ ለመለየት ያስቸግራል። ቆዳ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ፣ ነስር፣ መርፌ የተወጋበት መበለዝ ቆይቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ደም እስኪታይ አትጠብቁ። ምልክቱ የሚጀምረው ከመዥገር ንክሻ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን፣ ቢበዛ በ9 ቀን ነው። በደም ንክኪ ከሆነ 5 ወይም 6፣ ቢበዛ 13 ቀን።

ይገድላል?
ከታመሙት ከ10 እስከ 40 በመቶ። አብዛኛው ሞት በሁለተኛው ሳምንት ነው።

መድኃኒት አለው?
— ጠያቂ 1፦ ሪባቫይሪን የሚባለው ፀረ-ቫይረስ መድኃኒት አለ አይደል?
— ጠያቂ 2፦ ጥቅሙ መች በደንብ ተረጋገጠ!
— ጠያቂ 1፦ ሐኪሞች ይሰጡት የለ እንዴ?
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ይሰጣል፣ ክርክሩም አላለቀም። ዋናው ሕክምና ፈሳሽ፣ ደምና ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) መተካት ነው። የቀረውን የሰው ሐኪም ጠይቁ፣ እኔ የከብት ነኝ።

ሥጋስ?
በደንብ የበሰለ አያሰጋም። የሚያሰጋው ማረዱና መግፈፉ ነው። ጓንት!

ሰውነቴን ደስ አይለኝም፤ እሱ ይሆን እንዴ?
በዚህ ምን ብዬ ልመልስልህ? ትኩሳት አለህ? መዥገር ነክሶሃል? እንስሳ ነክተሃል? መቼ?

ከትናንት ጀምሮ ያተኩሰኛል። ባለፈው ሳምንት በግ ገፍፌ ነበር፤ ያኔ ጣቴን ቢላ ቆርጦኝ ነበር።
ታዲያ ይሄን መጀመሪያ አትናገርም! አሁኑኑ ሆስፒታል ሂድ። ገና በር ላይ «በግ ገፍፌ ነበር» በል፤ እነሱም ጓንት ማድረግ አለባቸው። አስፕሪን እንዳትወስድ።