ሁለት ዓመት አልፎት አፉን ላልፈታ ልጅ

ሰላም እህቴ። «ልጄ 2 ዓመት ከ4 ወሩ ነው፣ ከአምስት ስድስት ቃል በላይ የለውም። አማቴ ወንድ ልጅ ይዘገያል ትላለች፣ ሐኪሙ አስመርምሪው አለኝ። ምን ያደርጉታል? ስም ይለጥፉበት ይሆን? አማርኛውንስ ልተወው?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም እዚሁ አሜሪካ ሜሪላንድ ስላለፍኩበት ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

አማትሽን አልፈርድባቸውም። የኔም እናት «አባቱም በሦስት ዓመቱ ነው አፉን የፈታው» ስትለኝ ስድስት ወር ተዘናግቻለሁ። ዘግይተው በራሳቸው ጊዜ የሚደርሱ ልጆች በእርግጥ አሉ። ግን የትኛው እንደሚደርስ፣ የትኛው እርዳታ እንደሚፈልግ ቤት ተቀምጦ መለየት አይቻልም። በሁለት ዓመት አካባቢ ልጅ ሁለት ቃል ማገናኘት ይጀምራል፤ «ማሚ ነይ» ዓይነት። ያንቺ ገና ከሆነ ደውዪ።

3 ዓመት ሳይሞላው ለካውንቲሽ (ለአካባቢሽ አስተዳደር) «ኢንፋንትስ ኤንድ ቶድለርስ» ለሚባለው፣ እድገታቸው የዘገየ ሕፃናትን ለሚረዳው ፕሮግራም ራስሽ መደወል ትችያለሽ። የሐኪም ደብዳቤ አያስፈልግም፣ ክፍያም የለውም። ስለ መኖሪያ ወረቀት የጠየቀኝ ሰው የለም። ከደወልሽ በኋላ በ45 ቀን ውስጥ ምርመራው አልቆ፣ ልጁ አገልግሎቱ ይገባዋል ከተባለ የሚሰጠው እርዳታ የሚታቀድበት ስብሰባ መደረግ አለበት፤ ሕግ ነው። የደወልሽበትን ቀን ካላንደር ላይ ጻፊው። 3 ዓመት ካለፈው ጉዳዩ የትምህርት ቤቶቹ ነው፣ እነሱ ጋ ትደውያለሽ። ስም መለጠፍ ያልሽውን በተመለከተ፣ አንቺ ሳትፈርሚ ምርመራም ሕክምናም አይጀመርም። ምን ያህል እንደዘገየ ነው የሚያዩት።

ጎን ለጎን ጆሮውን አስመርምሪ። «ሲወለድ አልፏል እኮ» ብዬ ነበር እኔም። ጉንፋን ሲመላለስበት ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ሊጠራቀም ይችላል፤ ያኔ ልጁ የሚሰማው ውሃ ውስጥ እንደገባ ሰው ነው። የኔ ልጅ ጆሮው ደህና ሆኖ ተገኘ።

የምርመራው ቀን ነጭ ጋውን ጠብቄ ነበር። ሁለት ሴቶች መጡ፣ ጫማቸውን አወለቁና ምንጣፉ ላይ ቁጭ አሉ። የንግግር ቴራፒስቷ የሳሙና አረፋ ነፋችለት። ከዚያ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋ ዘግታ ጠርሙሱን ሰጠችውና ዝም አለች። «ክፈቺልኝ በላት!» ልለው ስል በእጇ አስቆመችኝ። ልጄ ጠርሙሱን አገላበጠ፣ መልሶ መዳፏ ላይ አስቀመጠላትና ዓይን ዓይኗን አያት። ይህንን ጻፈች። ለካ የምትፈልገው ቃል ብቻ አይደለም። በምልክት ይጠይቃል? በጣቱ ያሳያል? ስሙ ሲጠራ ይዞራል? «ጫማህን አምጣ» ሲባል ይገባዋል?

ቆይቶ ኩባያውን እያየ «ቧ» አለ። አለፈችው። «ይሄ እኮ ቃል ነው፣ እኛ ጋ ሕፃን ውሃን ቧ ነው የሚለው» አልኳት። ቆጠረችው! እኔ አፌን ባልከፍት አንድ ቃል ቀርቶበት ነበር። ስለዚህ ከአሁኑ የሚላቸውን ሁሉ ጽፈሽ ያዢ፣ የተኮላተፈውንም። አማርኛውም እንግሊዝኛውም አብሮ ይቆጠራል።

አስተርጓሚ ጠይቂ፣ መብትሽ ነው። የእንግሊዝኛውን ፈተና በአማርኛ ተርጉሞ ነጥብ መስጠት ግን ትክክለኛ ውጤት አይሰጥም። ቋንቋው ራሱ ሌላ ነው። ልጅሽ «ስጪኝ» ካለ በእንግሊዝኛ ሁለት ቃል ነው፣ እኛ ጋ አንድ። የመጣችልን አስተርጓሚ ይህን ባታስረዳ ኖሮ ቃል ማገናኘት አይችልም ሊባል ነበር።

አማርኛውን እንዳትተዪ። እኔን አንድ ሐኪም «እንግሊዝኛ ብቻ አውሩት» ብሎኝ አምስት ወር ሞከርኩት። የኔ እንግሊዝኛ ደግሞ ለልጅ ማጫወቻ አይበቃም፤ «ኖ ኖ» እና «ካም ሂር» ብቻ ሆንኩ። ቤቱ ጭር አለ። እናቴ ከልጅ ልጇ ጋር የምታወራው አጣች። ቴራፒስቷ ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች። ሁለት ቋንቋ ልጅን አያዘገይም፤ እውነተኛ የቋንቋ ችግር ካለ ደግሞ በሁለቱም ነው የሚታየው። በዚያው ቀን ወደ አማርኛችን ተመለስን።

ሕክምናው በሳምንት አንድ ሰዓት ነበር። ከልጄ ይልቅ የሠለጠንኩት እኔ ነኝ። «በል እስቲ፣ እንዲህ በል» የሚለውን አስተወችኝ። «ሙዝ ወይስ ብርቱካን?» ብለሽ ሁለቱንም አሳይተሽ ዝም በዪ፣ በልብሽ እስከ አምስት ቁጠሪ። «መኪና» ካለ «ቀይ መኪና» በዪ፣ አንድ ቃል ብቻ ጨምሪ። እንጀራ ስጋግር አጠገቤ እያቆምኩት «አፈሰስን፣ ከደንን፣ ወጣ!» እል ነበር። በሦስተኛው ወር አክንባሎው ሲነሳ ቀድሞኝ «ወታ!» አለ። ምጣዱን ትቼ አለቀስኩ፣ እንጀራውም አረረ።

አሁን አምስት ዓመቱ ነው፣ አፉ አይዘጋም። «ቀይ»ን ግን ገና «ከይ» ነው የሚለው። ያ የድምፅ አወጣጥ እንጂ የቋንቋ ችግር አይደለም፣ ሕክምናውም ሌላ ነው። የትምህርት ቤቱ ቴራፒስት «ቀ» እና «ከ»ን ለመለየት ጆሮዋ አልለመደም፤ እንግሊዝኛ «ቀ» የለውማ። እኔ ነኝ «አሁን አስተካከለው» የምላት።

አንድ ነገር ልጨምር። ከአገር ቤት «እንጥሉን አስቆርጪው» የሚልሽ አይጠፋም፤ እኔን ሁለት አክስቶቼ ብለውኛል። እንጥል መቁረጥ ልጅ አያናግርም፤ ያደማል፣ ያመረቅዛል። የምላስ ጅማት ማጠርም ቢሆን አንዳንድ ድምፅ ያስቸግረው ይሆናል እንጂ ቃል አያሳጣውም።

ካውንቲሽን በውስጥ መስመር ጻፊልኝና ስልኩን እልክልሻለሁ። ስትደውዪ መጀመሪያ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር» በዪ፣ መስመር ላይ ያስጠብቁሻል፣ እንዳትዘጊው።