ጥሩ አለቃ በምን ይታወቃል? የአንባቢያን ጥያቄና የባለሙያዎቻችን መልስ

ለዚህ እትም ከመረጥናቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት ሰው በማስተዳደር ላይ ነው። አለቃ የሆኑም፣ አለቃ ያለባቸውም ጽፈውልናል።

ጥያቄ፦ በሙያዬ ጎበዝ ስለነበርኩ የክፍሌ ኃላፊ ሆኜ ተሾምኩ። በሥሬ ስድስት ሰዎች አሉ። ከባድ ከባዱን ሥራ ግን አሁንም የምሠራው እኔው ነኝ። እነሱ በሰዓታቸው ይወጣሉ፣ እኔ አመሻለሁ፤ የክፍሉ ሥራም እየተጓተተ ነው። ምን ጎድሎኝ ነው?

መልስ፦ የቀድሞ ሥራዎን ሳይለቁ አዲሱን ደርበውበታል። እስከ ሹመትዎ ድረስ የሚመዘኑት እርስዎ በጨረሱት ሥራ ነበር፤ አሁን ግን መለኪያው ስድስቱ ሰዎች የጨረሱት ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2008 የራሱን አለቆች ማጥናት ጀምሮ ጥሩዎቹ የሚለዩባቸውን ስምንት ባሕርያት ዘርዝሯል። በቀዳሚነት የተቀመጠው ሠራተኛን እያገዙ ማብቃት ሲሆን፣ የሙያ ዕውቀት ከስምንቱ የመጨረሻው ነበር። ያውም መሐንዲሶች በሞሉበት ኩባንያ። ይህ ማለት ዕውቀቱ አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ ደህናውን ሥራ ከግርድፉ ለመለየትና ሲጠየቁ ለመምከር የግድ ነው። ሥራውን ራስዎ ለመሥራት ምክንያት ሲሆን ግን ይጎዳል።

ለሁለት ሳምንት የሠሩትን ሁሉ በየቀኑ ይመዝግቡ። ከዚያ ዝርዝሩን በሦስት ይክፈሉት፦ ከእርስዎ በቀር ማንም ሊሠራው የማይገባ (የሥራ ድልድል፣ የአፈጻጸም ምዘና፣ ከሌሎች ክፍሎች ጋር የሚደረግ ድርድር)፣ ዛሬውኑ ሌላ ሰው ሊሠራው የሚችል፣ ጥቂት ቢለማመድ ሊሠራው የሚችል። ሁለተኛውን ምድብ በዚያው ሳምንት ያስረክቡ። ከሦስተኛው ለአንድ ሰው ከአንድ ሥራ በላይ አይስጡ፤ አዲስ ነገር ሲደራረብ ሁሉም ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።

ብዙዎች የሚሰናከሉት ርክክቡ ላይ ነው። «ይቺን ነገር እስቲ ያዛት» ብሎ መሄድ ሥራ መስጠት አይደለም። አምስት ነገር ይናገሩ፦ በመጨረሻ ምን ሆኖ ማየት እንደሚፈልጉ፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ ሠራተኛው ሳይጠይቅ መወሰን የሚችለው እስከ ምን ድረስ እንደሆነ፣ ሲቸግረው ማንን እንደሚጠይቅ፣ እርስዎ መቼ መቼ እንደሚያዩት። የመጀመሪያውን እይታ ከጠቅላላው ጊዜ አንድ ሦስተኛው ላይ ያድርጉት። የዘጠኝ ቀን ሥራ ከሆነ በሦስተኛው ቀን ማለት ነው፤ መስመር የሳተ ነገር ቢኖር ገና ይቃናል። በስምንተኛው ቀን ቢያዩት የሚቀርዎት ወይ መቆጣት ወይ ራስዎ ቁጭ ብሎ መሥራት ነው።

ከሁሉ በላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ይጠንቀቁ። ሠራተኛው መጥቶ «ይሄ ነገር አስቸግሮኛል» ሲል፣ አፍዎ ላይ የምትመጣው «ተወው፣ እኔ አየዋለሁ» ናት። ያን ጊዜ ሥራው ወደ እርስዎ ጠረጴዛ ተመለሰ። ይልቅ «እስካሁን ምን ሞከርክ? ምን ብናደርግ ይሻላል ትላለህ?» ብለው ይጠይቁት፤ ከያዘው ሐሳብ ጋር ይልቀቁት። እንዲሁም የሰውን ሥራ ማታ ብቻዎን ቁጭ ብለው አያስተካክሉ። ሠራተኛው መታረሙን ካላወቀ አይማርም፤ ካወቀ ደግሞ ከነገ ጀምሮ «ለማንኛውም ያርሙታል» እያለ መጠንቀቁን ይተዋል።

ጥያቄ፦ በዕድሜ በጣም የሚበልጡኝ አንድ ሠራተኛ በሥሬ አሉ። ሥራቸው ላይ ስህተት ይደጋገማል፤ ሪፖርታቸውም ይዘገያል። መናገሩ ድፍረት እየመሰለኝ ዝም ብያለሁ። ሌሎቹ ግን ማጉረምረም ጀምረዋል።

መልስ፦ አክብሮትዎን አይጣሉት፤ አክብሮት የሚገለጸው ግን በዝምታ አይደለም። የሚገለጸው በቦታው፣ በድምፅዎና በቃል አመራረጥዎ ነው። ዝም ባሉ ቁጥር ስህተቱን ሌሎች እያረሙ ይቆያሉ፤ ቅሬታቸው ውሎ አድሮ ወደ እኚያ ሰው ይዞራል፤ እሳቸውም ምን እንደበደሉ ሳያውቁ ይገለላሉ። ይህ ከመናገር የበለጠ ያዋርዳቸዋል።

ስህተቱ በተፈጠረ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ፣ ለብቻቸው፣ በር ዘግተው ያነጋግሯቸው። አንድ ጉዳይ ብቻ ያንሡ። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ሪፖርቱ ማክሰኞ ይደርሳል ተባብለን ነበር፤ የደረሰኝ ሐሙስ ነው። አራተኛው ገጽ ላይ ያለው ድምር ከሠንጠረዡ ጋር አይገጥምም። በዚህ የተነሣ የሂሳብ ክፍሉ ክፍያውን አቆየ። ምን ቸገረዎት?» ከዚህ በኋላ ዝም ይበሉ። ዝምታው ቢከብድም መልሱን እርስዎ አይሙሉላቸው። በንግግሩ ውስጥ «ሁልጊዜ»፣ «በፍጹም»፣ «ግዴለሽ» የሚባል ቃል የለም፤ የተነገረው ቀኑ፣ ገጹና ያስከተለው ነገር ብቻ ነው። በጠባይ ላይ የሚሰነዘር ቃል ሰውን ወደ ክርክር ይወስዳል፤ ቀንና ገጽ ግን አያከራክርም።

ነቀፌታውን በሁለት ምስጋና መሐል ሸፍኖ ማቅረብ ይበጃል የሚል ምክር በየቦታው ይሰማል። እኛ አንመክረውም። ሰሚው ወይ ምስጋናውን ብቻ ይዞ ይወጣል፣ ወይ ከዚያ ወዲያ በተመሰገነ ቁጥር «ቀጥሎ ምን ሊመጣ ነው?» ይላል። ምስጋና የራሱ ቀን ይኑረው፤ እሱም ቢሆን በደፈናው «ጎበዝ» ከማለት የትኛው ሥራ ምን እንደጠቀመ መንገር ይሻላል።

መልሳቸውን ሲሰሙ ከሦስት ነገር የትኛው እንደሆነ ይለዩ። አሠራሩን ካላወቁት (አዲሱ የኮምፒውተር ፕሮግራም ከሆነ ለምሳሌ) መድኃኒቱ አጠገባቸው ተቀምጦ የሚያሳይ ሰው ነው። እንዳይሠሩ የሚያግድ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ መረጃው ከሌላ ክፍል ዘግይቶ የሚደርሳቸው ከሆነ፣ እሱን ማስተካከል የእርስዎ ድርሻ ነው። እያወቁና እየቻሉ ካልሠሩት ብቻ ነው የዲሲፕሊን ጉዳይ የሚሆነው። ብዙ አለቆች ሦስተኛውን አስቀድመው ይገምታሉ፤ ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ ከሁለቱ በአንዱ ላይ ነው። ሲጨርሱ የተስማማችሁበትን በሁለት ሦስት መስመር ጽፈው አንድ ቅጂ ይስጧቸው፤ በሳምንቱም ተመልሰው ይዩት። ተሻሽሎ ካገኙት ይህንንም ይንገሯቸው።

ጥያቄ፦ አለቃ ከሠራተኞቹ ጋር ጓደኛ መሆን አለበት?

መልስ፦ መቀራረብ መልካም ነው፤ ፈተናው የሚመጣው ምዘና ላይ ነው። አብሮን ሻይ የሚጠጣ ሰው ስህተቱ ይቀልልብናል፤ ከዓመቱም የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ብቻ ትዝ ይሉናል። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በየወሩ ሁለት መስመር፣ አንድ ደህና የሠራውን አንድ የጎደለውን፣ እየጻፉ ያስቀምጡ። የምዘናው ጊዜ ሲደርስ ነጥብ የሚሰጡት ከዚያ ማስታወሻ ተነሥተው እንጂ ከትዝታ አይሁን።

ጥያቄ፦ ስብሰባ ላይ «ጥያቄ አለ?» ስል ሁሉም ዝም ይላሉ። ችግር የምሰማው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። ተቆጪ አይደለሁም። ለምን ይደብቁኛል?

መልስ፦ ኤሚ ኤድመንድሰን የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሆስፒታል ቡድኖችን አጥንተው ነበር። የተሻለ የሚመሩት ቡድኖች ብዙ የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተት ተመዝግቦባቸው ተገኘ። ነገሩ ሲመረመር ግን በጎላ መልኩ የተለዩት ስህተታቸውን በግልጽ በመናገር ነበር፤ ሌሎቹ ጋ ይሸሸግ ነበር። ስለዚህ ከክፍልዎ መጥፎ ዜና አለመምጣቱ ደህንነት ነው ብለው አይውሰዱት።

ቁጣ ብቻ አይደለም ሰውን የሚዘጋው። «እንዴት እንዲህ ሊሆን ቻለ?» የሚል መደነቅ፣ ፊትን ማጥቆር፣ ወዲያው «ማነው ያደረገው?» ብሎ መጠየቅም ይበቃል። መጥፎ ዜና ሲመጣ ቅደም ተከተሉን ይለውጡ። መጀመሪያ «ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ» ይበሉ፤ ቀጥለው ማን እንደተጎዳና አሁኑኑ ምን ማቆም እንደሚቻል ይጠይቁ። አሠራሩ የት ላይ ክፍተት እንዳለው የሚታየው ነገሩ ከበረደ በኋላ ነው። በቶዮታ መገጣጠሚያ መስመር ላይ አንድ ሠራተኛ ጉድለት ሲያይ ገመድ ይስባል፤ የቡድን መሪው ወዲያው አጠገቡ ይደርሳል፤ ችግሩ በቶሎ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። ይህ አሠራር የሚኖረው ገመዱን የሳበው ሰው ስለማይቀጣ ነው።

ስብሰባው ላይ ደግሞ ሐሳብዎን መጨረሻ ላይ ይናገሩ። አለቃ ቀድሞ ከተናገረ በኋላ የሚሰማው የራሱ ማሚቶ ነው። «ጥያቄ አለ?» የሚለውንም ይተዉትና «ይህ ዕቅድ ቢከሽፍ በምን ምክንያት ይከሽፋል?» ብለው ይጠይቁ፤ አምስት ደቂቃ ሰጥተው ሁሉም በወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ከዚያ በየተራ ይነበብ። ዝምተኞቹ የሚናገሩት ያኔ ነው። ከተነሡት ቢያንስ አንዱን በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ምን እንደደረሰ ካልነገሯቸው ግን በሦስተኛው ጊዜ ወረቀቱ ባዶ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ሁለት ቦታ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ደመወዙ ተቀራራቢ ነው። አለቃዬ ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን ሳልቀጠር ማወቅ የምችልበት መንገድ አለ?

መልስ፦ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም አለ። በቃለ መጠይቁ መጨረሻ ላይ ሦስት ነገር ጠይቂ፦ «በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ምን ብሠራ ተሳክቶላታል ትላላችሁ?»፣ «ይህ ቦታ ለምን ተለቀቀ?»፣ «ከዚህ ክፍል በቅርቡ ያደገ ሰው አለ? ምን ሠርቶ ነው?» ለመጀመሪያው ጥርት ያለ መልስ የሌለው አለቃ፣ ከገባሽ በኋላም ምን እንደሚፈልግ አይነግርሽም። ስለ ቀድሞው ሠራተኛ ክፉ እያነሣ ከተናገረም ልብ በይ። ከተቻለ ወደፊት አብሮሽ የሚሠራ ሰው ለሩብ ሰዓት እንዲያነጋግሩሽ ለምኛቸው፤ እሱን «አለቃህ ጥሩ ነው?» ብለሽ አትጠይቂው፤ ማንም አዎ ነው የሚለው። «ለመጨረሻ ጊዜ ሥራ ሲበላሽ ምን ተደረገ?» በይውና የነገረሽን በዝርዝር አድምጪ። ማን ተጠራ፣ ምን ተባለ፣ ከዚያ በኋላ አሠራሩ ተለወጠ ወይስ ሰው ብቻ ተቀየረ፣ የሚለው ላይ አተኩሪ።