ስለ ኦይንክ ኮሚክ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ

እሺ፣ ባለፈው ስለ እንግሊዝ የልጆች ቀልድ ኮሚክ (በሥዕል ታሪክ የሚነገርበት መጽሔት ማለት ነው) ትንሽ ስቀባጥር ጥያቄው ስለበዛ ሁሉንም እዚህ ልመልስ። የምኖረው እንግሊዝ አገር ነው፣ አሮጌ ኮሚክ እሰበስባለሁ፣ ከሁሉም የምወደው ደሞ ኦይንክን ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው። በሉ ጠይቁ።

ጥ፦ ቢኖ የሚባለውን የእንግሊዝ የልጆች ኮሚክ አውቀዋለሁ፣ ኦይንክ ሚባል ግን ሰምቼም አላውቅ። ምንድነው እሱ?

መ፦ ባትሰማ አይገርምም፣ የኖረው ሁለት ዓመት ተኩል ነው። ሜይ 3 1986 ቁጥር 1 ወጣ፣ ኦክቶበር 1988 ላይ ቁጥር 68 ወጥቶ አለቀ። አሳታሚው አይፒሲ ነው፣ ከቢኖ አሳታሚ ከዲሲ ቶምሰን ጋር ለዓመታት ሲፎካከር የነበረው ትልቁ ድርጅት። የሠሩት ግን የድርጅቱ የቢሮ ሰዎች አይደሉም፣ ፓትሪክ ጋላገር፣ ቶኒ ሀዝባንድ እና ማርክ ሮጀርስ የሚባሉ ሦስት ሰዎች ሐሳቡን ይዘው መጥተው ራሳቸው ናቸው ያዘጋጁት፣ ያውም ማንቸስተር ሆነው። ይቺን ያዙልኝ፣ ሌላው ነገር ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው። ሌሎቹ ኮሚኮች በለመዱት መንገድ ሲሄዱ እነዚህ እነሱን የሚያስቃቸውን ነው ያስገቡት፣ ሙዚቀኛውንም ኮሜዲያኑንም እየጠሩ ሥሩልን አሉ።

ጥ፦ ግን ለምን አሳማ? እናቴ ሽፋኑን ብታይ ታማትባለች ሃሃሃ

መ፦ የኔም እንደዛው። ስሙ ራሱ የአሳማ ጩኸት ነው። ኮሚኩን የሚያዘጋጀው አጎት ፒግ የሚባል አሳማ ነው ተብሎ ነው የሚቀርበው፣ አዘጋጁ አሳማ ከሆነ ጠላቱ ማን ይሆናል? ባለ ልኳንዳ! ስለዚህ ቢላ የያዙ ባለ ልኳንዳዎች በየታሪኩ እየገቡ ይተናኮላሉ። ሌላዋ ጠላት ሜሪ ላይትሃውስ ናት፣ ኮሚኩን ለማዘጋት ቀን ከሌት የምትለፋ ተቆጪ ሴትዮ። ይቺ ደሞ በእውነተኛዋ ሜሪ ዋይትሃውስ ላይ ሙድ ለመያዝ የገባች ናት፣ ያኔ ቴሌቪዥኑ ብልግና ሞላው እያለች ዘመቻ ታካሂድ የነበረችዋ። ብልጠቱ ገባችሁ? ወላጅ ወይ አስተማሪ ኮሚኩን ጣለው ብሎ ሲቆጣ ልጁ ሜሪ ላይትሃውስን ነው የሚያየው፣ ስለዚህ ቁጣው ራሱ የቀልዱ አካል ይሆናል፣ ለኔ ከሁሉም የረቀቀው ይሄ ነው።

ጥ፦ ከስትሪፖቹ (ኮሚኩ ውስጥ ካሉት አጫጭር የሥዕል ታሪኮች) የቱን ትመርጣለህ? አንዱን ብቻ።

መ፦ አንዱን ብቻ አይሆንልኝም። ሌው ስትሪንገር የሚባለው ሠዓሊ ሁለት ነበረው። አንዱ ቶም ተግ ነው፣ ራሱን የተላጨ ትልቅ ቡትስ የሚያደርግ ጉልቤ፣ ግን ድድብናው ሌላ ነው፣ ሰው ሊመታ ተነስቶ መጨረሻ ላይ የሚፈነከተው ራሱ ነው። ሁለተኛው ፒትና ብጉሩ፣ አዎ ብጉር ነው ያልኩት፣ ፒት አፍንጫው ላይ ኳስ የሚያክል ብጉር አለው፣ ታሪኩ ሁሉ ይቺን ብጉር ለማጥፋት ነው፣ አንባቢዎች መድኃኒት እየፈለሰፉ ይልካሉ፣ እሱ ይሞክረዋል፣ ከዛ ብጉሩ ይፈነዳና አላፊ አግዳሚው በሙሉ በመግል ይታጠባል። አሁን ስጽፈው ይቀፋል፣ ግን ገጹን ስታዩት ስትሪንገር መስመሩ ጥርት ያለ ነው፣ ከኋላ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ውስጥ ሳይቀር ቀልድ ይደብቃል፣ ሦስቴ ካነበብኩት በኋላ አዲስ የማገኝበት ጊዜ አለ።

ጀረሚ ባንክስ ደሞ በርፕ የሚባል የጠፈር ፍጡር ነበረው፣ የሚገማ፣ ከሰው ልጅ ጋር ጓደኛ መሆን ብቻ የሚፈልግ። ሆድ ዕቃው ራሱ የየራሱ ጠባይ አለው፣ ጉበቱ ምናምን እንደ ሰው ያስባል። ዛሬ ለአዋቂ ቢወጣ ራሱ እብደት ነው የሚባለው፣ ያኔ በልጆች ኮሚክ ነው የወጣው።

ቶኒ ሀዝባንድ ራሱ የሚሠራው ሆረስ ዋትኪንስም አለ፣ ፊቱ አስቀያሚ የሆነ ኳስ ተጫዋች። ይሄኛው ከሁሉም ይለያል፣ ተከታታይ ነው፣ ቀልዱ መሀል ልጁ ለይምሰል ሳይሆን የምር አንጀት ይበላል። አሳሳሉ በችኮላ የተጫረ ነው የሚመስለው፣ ግን ፊቱ ላይ ያለው ስሜት አይጠፋም።

ጥ፦ ብላክ ሚረር የሚባለውን የቲቪ ድራማ የሠራው ሰውዬ እዛ ጀመረ የሚባለው የምር ነው?

መ፦ የምር ነው። ቻርሊ ብሩከር ገና ጎረምሳ ተማሪ እያለ ለኦይንክ ስትሪፕ እየሣለ ይልክ ነበር፣ ወሰዱትና አወጡለት፣ ትራንስሞግሪፋይንግ ትሬሲ የሚለው የሱ ነው። ማርክ ራይሊም አለ፣ ዘ ፎል የሚባለው ባንድ ውስጥ የነበረው፣ ኋላ ቢቢሲ ሬዲዮ ላይ የሠራው፣ እሱ ሣለም፣ የፎቶ ታሪክ ላይ ሌባ ሆኖም ተወነ። ክሪስ ሲቪም፣ ትልቅ ክብ የውሸት ጭንቅላት አጥልቆ ፍራንክ ሳይድቦተም ነኝ እያለ መድረክ የሚወጣው ሰውዬ፣ የራሱ ገጽ ነበረው። ሌላ የልጆች ኮሚክ እንደዚህ አይነት ሰብስብ ቢባል ከየት ያመጣል?

ጥ፦ ለምን ተዘጋ ታዲያ? ክስ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።

መ፦ ክስ ሳይሆን አቤቱታ ነበር፣ ግን የገደለው እሱ አይደለም። ለጀማሪ ልጆች ማንበቢያ መጽሐፍ ላይ ሙድ የያዘ ገጽ አወጡ፣ አንድ አንባቢ በጋዜጣና በመጽሔት ላይ የሚቀርብ ቅሬታ ለሚያየው ለፕሬስ ካውንስል አቤት አለ፣ ካውንስሉ አቤቱታውን አልተቀበለም። የባሰው ሱቆቹ ናቸው፣ ጋዜጣና መጽሔት ሻጩ ደብሊው ኤች ስሚዝ ከልጆች መደርደሪያ አንስቶ ለአዋቂ ከሚሸጡት ጋር ከፍ አድርጎ ሰቀለው። እንግዲህ አስቡት፣ የ9 ዓመት ልጅ በኪሱ ሳንቲም ይዞ ቢኖን ሊገዛ ገብቶ በዛው ሊያየው የሚችለው ነገር ከጭንቅላቱ በላይ ሆነ፣ አዋቂው ደሞ ከፈለገ ቪዝ የሚባል የአዋቂ ቀልድ ኮሚክ አለለት።

ከዛ ጊዜው። መጀመሪያ በየ15 ቀኑ ነበር 32 ገጽ፣ ከቁጥር 45 ጀምሮ በየሳምንቱ አደረጉትና ወደ 24 ገጽ ወረደ፣ ከቁጥር 63 ጀምሮ ደሞ በየወሩ። መሀል ላይ የአይፒሲ የኮሚክ ክፍል ራሱ ለጋዜጣ ባለሀብቱ ለሮበርት ማክስዌል ተሸጧል። እኔ በበኩሌ ያበላሸው ሳምንታዊ መሆኑ ነው ባይ ነኝ። በ15 ቀን የሚያስቡት ቀልድና በየሳምንቱ ሙሉት ተብሎ የሚሞላ ገጽ አንድ አይደለም፣ ቁጥር 20ን እና ቁጥር 50ን ጎን ለጎን አድርጎ ያነበበ ይገባዋል፣ የኋለኛው የሳሳ ነው።

ጥ፦ ጋሼ ግን 68 እትም ወጥቶ መዘጋት ክስረት አይደል?

መ፦ ጋሼ አትበለኝ ገና ነኝ። ወደ ጥያቄህ ስመለስ፣ እንግሊዝ የኮሚክ ሰፈር መዘጋት የንግዱ ዘዴ ነበር። አዲስ ኮሚክ ያወጡ ነበር፣ ነፃ ስጦታ ለጥፈው ያሟሙቁታል፣ ሽያጩ ሲቀንስ ከሌላ ጋር ይቀላቅሉትና ሁለት ሦስት ገጸ ባሕርይ ብቻ ይዘው ሌላውን ይጥሉታል፣ አንባቢው አብሮ እንዲሻገር። ሽፋኑ ላይ «ታላቅ ዜና ለአንባቢዎቻችን!» የሚል ካየህ ኮሚክህ ሞቷል ማለት ነበር። ኮር 1974፣ ሞንስተር ፈን 1976፣ ጃክፖት 1982፣ ስኩል ፈን 1984፣ ሁሉም በስተር የሚባለው ኮሚክ ውስጥ ነው የገቡት፣ ስኩል ፈን እንደውም ዓመት እንኳን አልሞላውም። ኦይንክም እዛው ገባ፣ ቶም ተግና ፒት በስተር ውስጥ ቀጠሉ። በስተር ራሱ 1960 ተጀምሮ 2000 መግቢያ ላይ ቆመ።

ጥ፦ አዘጋጆቹስ የት ገቡ?

መ፦ ሦስቱ ራውንድ ዘ ቤንድ የሚባል የልጆች ቲቪ ፕሮግራም ጻፉ፣ አይቲቪ የሚባለው ጣቢያ ላይ ከ1989 እስከ 1991፣ በአሻንጉሊት የሚሠራ፣ አዘጋጁ አዞ ነው። በቃ ኦይንክ ቴሌቪዥን ላይ ማለት ነው። ሀዝባንድ ደሞ ፕራይቬት አይ የሚባለው የቀልድና የፖለቲካ መጽሔት ላይ ለብዙ ዓመት ካርቱን ሠርቷል፣ 2023 ላይ አረፈ።

ጥ፦ የኮምፒውተር ጌምም ነበረው አሉ?

መ፦ አዎ 1987፣ ለኮሞዶር 64 እና ለስፔክትረም፣ ያኔ ለነበሩት የቤት ኮምፒውተሮች፣ ወጥቷል። ለኮሚኩ ፍቅር ከሌለህ እለፈው።

ጥ፦ በርሚንግሃም ነኝ፣ ልጄ 9 ዓመቱ ነው፣ የት ላግኝለት? ይሆነዋል ወይ?

መ፦ ፈስ፣ ንፍጥ፣ ብጉር ካልከበደሽ ይሆነዋል እህቴ፣ ብልግና የለበትም። ቀልዱ ግን ግማሹ የ80ዎቹ እንግሊዝ ላይ ነው፣ እሱ ላይገባው ይችላል፣ ፒትና በርፕ ግን ማስረዳት አያስፈልጋቸውም። ኢቤይ ላይ ሞልቷል። ነጠላ ነጠላውን ከመልቀም የተወሰነ ቁጥር አንድ ላይ የሚሸጥ ሰው ፈልጊ፣ ይረክሳል። ለልጅ ከሆነ ደሞ በዓመት መጽሐፎቹ ጀምሪ፣ ሁለት ናቸው፣ የ1988 እና የ1989 የሚል አላቸው። ቁጥር 1ን ከፈለግሽ ሲወጣ ስስ የፕላስቲክ የሙዚቃ ሸክላ በነፃ ነበረው፣ ሻጩን አለ ወይ ብለሽ ጠይቂው፣ ከሌለ ዋጋውን አስቀንሺ።